በሕያው ሕዋስ ላይ የጣልኩት አዮዲን

አንድን ነገር በገዛ ዓይንዎ አይተው፣ ወዲያው ቀና ብለው «የለም» ብለው ያውቃሉ? ሳያዩ የለም ማለት ሌላ ነው፤ እሱ አለማወቅ ነው፣ ሲያውቁት ይታረማል። እኔ የምጠይቅዎ አይተው፣ ማየትዎንም አውቀው፣ አጠገብዎ ለቆመ ሰው «ተሳስተሻል» ብለው ያውቁ እንደሆነ ነው። እኔ ብያለሁ። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም፣ ለንስሐ አባቴ አልተናዘዝኩትም፣ አብረውኝ ከሚያስተምሩት አንዱም አያውቀውም። ዛሬ ለማላውቅዎ ለእርስዎ የምናገረው ስለሚቀለኝ አይደለም። ለምን በጽሑፍ እንዳደረግሁት ወደ መጨረሻው ይገባዎታል።

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የተወለድኩት ኩታበር ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ስጨርስ መካነ ሰላም ተመደብኩ። ከተማው ውስጥ የማውቀው ሰው አልነበረም። አንድ ክፍል ተከራየሁ፣ መጻሕፍቴን በቁመታቸው ደረደርኩ፣ ልብሴን በየቀኑ ተኮስኩ። ባልደረቦቼ ከሥራ ሲወጡ ኳስ የሚታይበት ቤት ይሄዳሉ፤ እኔ ኳስ አልወድም። ሁለት ሦስት ጊዜ ጠርተውኝ ተዉኝ። ከክፍል ስወጣ ቤቴ እገባለሁ፣ የነገውን ትምህርት አዘጋጃለሁ፣ ለግድግዳው አስረዳለሁ። ማስረዳት እወዳለሁ። ይህ ራሱ የጥፋቴ አካል መሆኑን ያወቅሁት ግን ቆይቼ ነው።

በዚያ ዓመት ከማስተምራቸው የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ሰዓዳ የምትባል ልጅ ነበረች። እናቷ ጂዳ በሰው ቤት ትሠራለች፤ ሰዓዳ የምትኖረው ከአክስቷ ጋር ነው። ትምህርት ካለቀ በኋላ ጥያቄ ይዛ በር ላይ የምትቆም ብቸኛዋ ተማሪ እሷ ነበረች። «ቲቸር፣ ዛፍ ሲቆረጥ የቱ ሕዋስ ነው ቀድሞ የሚሞተው?» ትለኛለች። «ቲቸር፣ ቁስል ሲድን ሕዋሶቹ መቆም ያለባቸው የት እንደሆነ በምን ያውቃሉ?» ትለኛለች። የማውቀውን እነግራታለሁ፤ የማላውቀውን ደግሞ «ነገ» እላትና አንብቤ እመጣለሁ። በዚያ ከተማ ከሰው ጋር የማወራው እውነተኛ ወሬ ያ ብቻ ነበር። ይህን ልብ ይበሉልኝ። የበደልኩት ጠላቴን አልነበረም፤ የሚያናግረኝን አንድ ሰው ነው።

ነገሩ እንዲገባዎ ስለ ሕዋስ ጥቂት ልበል። የሽንኩርትን ሕዋስ እንደ አንድ ጠባብ ረጅም ክፍል ያስቡት። ግድግዳ አለው። መሃሉን በአብዛኛው ውሃ የሞላው ከረጢት ይዞታል። በከረጢቱና በግድግዳው መካከል፣ ከዚያም ከረጢቱን አቋርጠው በሚያልፉ ቀጫጭን ጅማቶች ውስጥ፣ ሳይቶፕላዝም የሚባል ዝልግልግ ፈሳሽ አለ። እኔ ለተማሪዎቼ ያስተማርኩት ይህንኑ ነው፤ አንድ ነገር ግን ከራሴ ጨምሬበታለሁ። «ሳይቶፕላዝም እንደ ረጋ አጥሚት ነው፤ የሕዋሱ ክፍሎች በተቀመጡበት ቦታ ይቀመጣሉ» ብያለሁ። ለምን እንዲህ አልኩ? እኔ ያየሁት ሁሉ ተቀምጦ ስለነበረ። በትምህርት ቤት ሙከራው የሚሠራው ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው። ከሽንኩርቱ ውስጥ ስስ ቆዳ ይላጣል፣ መስታወት ላይ ይነጠፋል፣ አዮዲን ጠብ ይደረግበታል፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ይታያል። አዮዲኑ ቀለም ይሰጠዋል፤ መስመሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ ሥዕሉን ደብተር ላይ መገልበጥ ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲያ አየሁ፣ እንዲያ ገለበጥኩ፣ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ።

አንድ ቀን ከወረዳ ሱፐርቫይዘር መጡ። አዲስ መምህር ነኝ፤ የተግባር ትምህርት ስሰጥ ሊያዩኝ ነው የመጡት። የሚሠራው ማይክሮስኮፕ አንድ ብቻ ስለነበረ ከመስኮቱ ሥር፣ ብርሃን ከሚገባበት አስቀመጥኩት። ሽንኩርቱን እንድትልጥ ያዘዝኳት ሰዓዳን ነው፤ እጇ ረጋ ያለ ነው። ቆዳውን በንጹሕ ውሃ ላይ ዘርግታ ሸፈነችው። አዮዲኑን ግን «ቆይ፣ እኔ ነኝ የምጨምረው» አልኳት፤ ሱፐርቫይዘሩ ሲያዩኝ መጨመር ፈልጌ ነበር። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ስለ ረጋው አጥሚት ማስረዳት ጀመርኩ። ረዘመ። የእኔ ማስረዳት ይረዝማል። ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ ወንበር ላይ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እሳቸው በነቀነቁ ቁጥር እኔ እጨምራለሁ።

በዚህ መሃል ሰዓዳ ማይክሮስኮፑ ጋ ቆማ ስትጠብቅ ጎንበስ ብላ አየች። ሳትጠይቀኝ ትልቁን ሌንስ አዙራለች። ድንገት ድምጿ ተሰማ።

«ቲቸር! ይሄዳል!»

ክፍሉ ሳቀ። ከኋላ መደዳ የሚቀመጥ አንድ አፈኛ ልጅ፣ «ወዴት ነው የሚሄደው? ከላላ ገበያ?» አለ። አጠገቡ ያለው ቀጠለ። «ምን ከላላ፣ ቪዛ ወጥቶለት ነዋ! እናቷ ልካለት ነው!» ሳቁ በረታ። ሰዓዳ ዓይኗን ከሌንሱ አላነሳችም። «ወላሂ ይሄዳል። ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ተከታትለው ይሄዳሉ» አለች።

ሱፐርቫይዘሩ ፈገግ አሉ። «ምንድን ነው የምትለው ልጅቷ?» አሉኝ። «አሁን የረጋ ነው አላሉም?»

ሄድኩ። ጎንበስ አልኩ። ሌንሱን እያስተካከልኩ አየሁ።

አየሁት። ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ አየሁት። ከግድግዳው ጥግ ጥግ፣ እንደ ብናኝ ያሉ ጥቃቅን ፍሬዎች በመስመር ይሄዱ ነበር። አንዱ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ የረሳው ነገር እንዳለ ሁሉ ትንሽ ይመለሳል፣ እንደገና ይነሳል። መሃሉን በሚያቋርጠው ጅማት ላይ ደግሞ ሌሎች በተቃራኒው ይመጣሉ። ከከፍታ ላይ ቆመው በገበያ ቀን የቁልቁለቱን መንገድ አይተው ያውቁ ይሆናል፤ የተጫነ በቅሎ ይወርዳል፣ የሸጠ ሰው ይወጣል፣ እግራቸው አይታይም፣ መሄዳቸው ብቻ ነው የሚታየው። እንደዚያ ነበር። በሕይወቴ እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም። «ኑ እዩ!» ልል አፌን ልከፍት ነበር።

ምን ነበረበት? ቀና ብዬ «ሰዓዳ ልክ ናት፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ኑ ተሰለፉና እዩ» ብል ምን ይቀርብኝ ነበር? ሱፐርቫይዘሩ ይስቁብኝ ነበር? ይሳቁ። ተማሪዎቹ «ቲቸር አያውቅም» ይሉ ነበር? አላውቅምና ይበሉ። ይህን ሁሉ ዛሬ ነው የማስበው። ያኔ ያሰብኩት ከኋላዬ ያሉትን ሰውዬ ብቻ ነው።

ቀና ብዬ «ውሃው ነው» አልኩ። «ሽፋኑ ሥር ያለው ውሃ ነው የሚንቀሳቀሰው። አዮዲን ስላልገባበት ነው፤ ሥራው አላለቀም።» ድምፄ የተረጋጋ ነበር። አዮዲኑን አነሳሁ፣ በሽፋኑ ጠርዝ ጠብ አደረግሁ፣ በሌላው ጠርዝ ወረቀት አስጠግቼ ወደ ውስጥ እንዲሳብ አደረግሁ። ሁሉን እንደ ሥርዓቱ አደረግሁ። ቢጫው ቀለም ቀስ እያለ ገባ። ከዚያ ሰዓዳን ጠራኋት።

«አሁን እዪ። ይሄዳል?»

ረጅም ጊዜ አየች። «ቆመ» አለች።

«ቆመ ሳይሆን፣ አይንቀሳቀስም በዪ።»

ቀና አላለችም።

«ሰዓዳ፣ ይንቀሳቀሳል ወይስ አይንቀሳቀስም?»

«አይንቀሳቀስም፣ ቲቸር።»

«አያችሁ» አልኩ ለክፍሉ። ሱፐርቫይዘሩ ሲወጡ እጄን ጨብጠው፣ «የተማሪን ስህተት እንዲህ በተግባር ማረም ነው ደስ የሚለው» አሉኝ።

አዮዲን መርዝ ነው። ቀለሙን የሚሰጠው ሕዋሱን ገድሎ ነው። እኛ በየዓመቱ ደብተር ላይ የምንገለብጠው የሞተ ሕዋስ ነው። ያን ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር ብል ውሸት አይሆንም፤ ግን እውነትም አይሆንም። እጄ ያውቅ ነበር። አዮዲን በገባበት ሕዋስ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አይቼ እንደማላውቅ እጄ ያውቅ ነበር፤ ለዚህም ነው ወደ አዮዲኑ የሄደው። አንዲት ልጅ እውነት ተናገረች፤ እኔ ማስረጃዋን ገደልኩትና «ማስረጃሽ የታለ?» አልኳት። ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ማንም በሌለበት ብቻዬን ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሽንኩርት ላጥኩ፣ በውሃ ብቻ አደረግሁት፣ አየሁ። ይሄዳል። ሌላ ላጥኩ። ይሄዳል። ቤት ገብቼ የዩኒቨርሲቲ መጽሐፌን ስገልጥ ነገሩ ተጽፎ አገኘሁት። ሳይንስ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። እኔም ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ ከሥሩ በእርሳስ አስምሬበታለሁ። በሳይቶፕላዝሙ ውስጥ እጅግ ቀጫጭን የፕሮቲን ክሮች ተዘርግተዋል። በክሮቹ ላይ የሚራመዱ ሌሎች ፕሮቲኖች አሉ፤ ሸክማቸውን ይዘው በክሩ ላይ ይሄዳሉ፣ ሲሄዱም ፈሳሹን ይጎትቱታል። ሕዋሱ ለዚህ ጉልበት ያወጣል። ለምን ይደክማል ቢሉ፣ የሽንኩርት ሕዋስ ረጅም ነው፤ የሚያስፈልገው ነገር በራሱ ጊዜ እስኪሰራጭ ቢጠበቅ ከአንዱ ጫፍ ሌላው ጫፍ ለመድረስ እጅግ ይዘገያል። ስለዚህ ያጓጉዛል። ሰዓዳ «ተከታትለው ይሄዳሉ» ያለችው ይህን ነው። መጽሐፉ በብዙ መስመር የሚለውን እሷ በሁለት ቃል ብላዋለች።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ልማዴ ሆነ። በሩን ከውስጥ ቆልፌ አያለሁ። የሚያምር ነገር አይቶ «ና እይ» የሚሉት ሰው ማጣት ምን እንደሚመስል ያውቃሉ? እኔ አጥቼ አልነበረም፤ አንድ ሰው ነበረኝ፣ እሷንም ዝም ያሰኘኋት ራሴ ነኝ። ሰዓዳ ከዚያ ቀን ጀምሮ በር ላይ መቆም ተወች። አላኮረፈችም። ሰላም ትለኛለች፣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ ፈተና ላይ «ሳይቶፕላዝም የረጋ ነው» ብላ ጻፈች። እኔም ልክ ብዬ አረምኩላት። በሚቀጥለው ዓመት ለመጡትም መጀመሪያ አዮዲን ጨምሬ አሳየኋቸው። ሕያውን ባሳያቸው የሰዓዳ ነገር ይነሳል ብዬ ፈራሁ።

ማረም የምችልበት ጊዜ አልነበረም እንዳይሉ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው ዓመት ማብቂያ ተማሪዎች ለአሥራ አንደኛ ክፍል የተፈጥሮ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ሲመርጡ፣ የሰዓዳ እናት ለእረፍት ከጂዳ መጥታ ነበር። ትምህርት ቤት ድረስ መጣችና ከመምህራን ክፍል አስጠራችኝ። እትዬ ዘሃራ ትባላለች፤ እጆቿ ላይ የሳሙና ቁስል አለ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ መምህር። ልጄ ማኅበራዊ ልትመርጥ ነው። በባዮሎጂ ጎበዝ ናት ብላ አክስቷ ስትነግረኝ አልነበር?»

«ጎበዝ ናት፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ሆነች? በፊት ስትደውልልኝ የምታወራው እሱን ብቻ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም ‹እማዬ፣ ሽንኩርት ውስጥ የሚሄድ ነገር አየሁ› አለችኝ።» ሳቀች። «እኔ ደግሞ በቀን ስንት ሽንኩርት ነው የምከትፈው! ከዚያ በኋላ በከተፍኩ ቁጥር እቆምና አየዋለሁ። እመቤቲቱ ‹ምን ትፈልጊያለሽ?› ትለኛለች። ‹ልጄ ያየችውን› እላታለሁ። ሳምንት ቆይታ ደወለችና ‹እማዬ፣ ተዪው፣ የለም አሉ› አለችኝ። እና እንዴት ነው፣ መምህር? ይሄዳል ወይስ አይሄድም?»

ከዚህ የበለጠ የተከፈተ በር ይኖራል? «ይሄዳል» ማለት አንድ ቃል ነው። እኔ ግን ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ሌንስ አስረዳሁ፣ ስለ ብርሃን አስረዳሁ፣ የሰው ዓይን እንዴት እንደሚታለል አስረዳሁ፣ ነገሩ ወደፊት በከፍተኛ ትምህርት በሰፊው እንደሚታይ አስረዳሁ። እትዬ ዘሃራ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስጨርስ፣ «አላህ ይስጥልኝ፣ መምህር። አልገባኝም፤ ግን እርስዎ ካሉ» ብላ ሄደች። ሰዓዳ ማኅበራዊ ሳይንስ መረጠች። እናቷም ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

እኔ ለራሴ የነገርኩት ታሪክ ይህ ነበር፦ ልጅቷ ዓይኗን መጠራጠር ጀመረች፣ ስለዚህ ሳይንስን ተወች፣ አንድ ቀን እውነቱን ስነግራት ዓይኗን እመልስላታለሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ እንኳ መላሹ እኔ እንደሆንኩ ያስተውሉ።

ባለፈው ወር ፈተና ላባዛ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ሰዓዳ ከትምህርት በኋላ እዚያ ትሠራለች፤ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን ትጨርሳለች። ወረቀቴን ማሽኑ ላይ እንዳስቀመጠች መብራት ጠፋ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ብዙ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝም።

«ሰዓዳ፣ ያኔ፣ ሽንኩርቱ… ይሄድ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ቲቸር።»

«ማለቴ፣ እኔም አይቼዋለሁ።»

«እሱንም አውቃለሁ» አለች። የማሽኑን ክዳን በእጇ ትጠርጋለች። «አጠገብዎ ቆሜ አልነበር? ሌንሱን የሚያስተካክሉበት እጅዎ ቀጥ አለ። ከዚያ ትንሽ ፈገግ አሉ። እኔ ሳየው የሆንኩትን ነው የሆኑት። ‹አሁን ይነግራቸዋል› አልኩ በልቤ።»

«ታዲያ ለምን ተፈጥሮ ሳይንስን ተውሽ? እኔ ዓይንሽን የተጠራጠርሽ መስሎኝ…»

«ዓይኔን?» ሳቀች፤ የእናቷ ሳቅ ነው። «ወላሂ አንድ ቀን አልተጠራጠርኩትም። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። ያየ ሰው ‹የለም› የሚል ከሆነ፣ እኔ እዚያ ገብቼ ምን ላደርግ ነው? አልኩ።»

«ይቅር በይኝ።»

ክዳኑን መጥረጓን አቆመች። «ይቅር ብል ለእርስዎ ይቀልዎታል፣ ቲቸር። እኔን ግን እስከ ዛሬ ‹ቪዛ› እያሉ ነው የሚጠሩኝ። አንዳንዱ ለምን እንደተባልኩ እንኳ አያውቅም። እኔ እኮ አውቄዋለሁ፤ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ሲስቁ ለነበሩት ይንገሯቸው።»

መብራት መጣ። ማሽኑ መጮህ ጀመረ። ወረቀቶቹን ጠርዛቸውን አስተካክላ ሰጠችኝና «ደህና ይዋሉ፣ ቲቸር» አለች። ወጣሁ።

ሲስቁ የነበሩት የት አሉ? አፈኛው ልጅ ባጃጅ ይነዳል፣ ከወግዲ አካባቢ የመጡት ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል፣ አንዳንዶቹ ሪያድና ቤሩት ናቸው፣ ደሴ የገቡም አሉ። መልሼ ክፍል ውስጥ ላስቀምጣቸውና ልናገር አልችልም። ይህን የጻፍኩት ለዚህ ነው። ከእጅ ወደ እጅ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ይድረስ። በዚያ ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ ከነበራችሁ ስሙኝ፦ ሰዓዳ ልክ ነበረች። የሳቃችሁት በእውነት ላይ ነው፤ ሳቃችሁን ልክ ያስመሰልኩትም እኔ ነኝ። ውሃው አልነበረም። አየሁ፣ ገደልኩት፣ ዋሸሁ። አዲስ ነበርኩ አልልም፣ ፈርቼ ነበር አልልም። እትዬ ዘሃራ፣ ይህ ጂዳ ከደረሰዎት፣ መልሱ «ይሄዳል» ነው። ያኔ ልመልስልዎት የሚገባው ይህ ነበር። የእኔን ይቅርታ በተመለከተ፣ ሰዓዳ አልሰጠችኝም፤ ልክ ናት፤ ከእርስዎ ከእናቷም አልለምንም።

ዘንድሮ ለተማሪዎቼ መጀመሪያ ሕያውን አሳየኋቸው። ካዩ በኋላ አዮዲኑን ጨመርኩ፤ ሲቆም አብረን አየን። አንዷ «ውይ፣ ያሳዝናል» አለች። ከዚያ በሰዓዳ ላይ ያደረግሁትን ነገርኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አላስረዳሁም።

እርስዎን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ይሞክሩት። ትኩስ ቀይ ሽንኩርት ይግዙ። ከውስጠኛው ገጽ ስሱን ቆዳ ይላጡ። በንጹሕ ውሃ ላይ ዘርግተው ይሸፍኑት፤ ሌላ ምንም አይጨምሩበት። ማይክሮስኮፕ ከሌለዎት በአቅራቢያዎ ያለ ትምህርት ቤት ሄደው ይለምኑ። ትልቁን ሌንስ ይጠቀሙ፣ ብርሃኑን ትንሽ ይቀንሱ፣ ግድግዳውን ጥግ ጥጉን ይመልከቱ፣ አይቸኩሉ። ሲሄድ ሲያዩት ምንም አይናገሩ። አጠገብዎ ያለውን ሰው ይጥሩ፣ ቦታዎን ይልቀቁለት፣ «ምን ታያለህ?» ብለው ይጠይቁት፤ ከዚያ ተናግሮ እስኪጨርስ ይስሙት።